የሼቭድ አይስ ማሽን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ በረዶውን ምረጡ

ሰመር ሲቃረብ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባለው የኛ ሰው መካከል አንድ ጥያቄ ይበዛል። "ቅዳሜና እሁድ የምሠራት ትንሽ የሼቭድ አይስ ሥራ ልጀምር ነበር፤ የቱን ማሽን ልግዛ?" ሼቭድ አይስ ማለት በስሱ ተልጎ ሽሮፕ የሚፈስበት በረዶ ነው። ጥያቄው ደህና ነው፤ ግን ከጅራቱ ነው የተጀመረው። ማሽን የሚመረጠው በረዶው ከተመረጠ በኋላ ነው። በረዶው ብሎክ (አንድ ትልቅ ጥርብ) ከሆነ ኑሮው አንድ ዓይነት ነው፣ ኩብ (ትንንሽ ቁርጥራጭ) ከሆነ ሌላ። ፍሪዘሩ፣ መኪናው፣ ፐርሚቱ፣ የኤሌክትሪኩ ጣጣ ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ሦስት መንገድ ነው፦ በረዶ የሚሰባብር የስኖ ኮን ማሽን፣ ብሎክ የሚልግ ማሽን እና ኩብ የሚልግ ማሽን። ኢንተርኔት ላይ ሲታዩ ሦስቱም "አይስ ሼቨር" ይባላሉ። ኩባያው ውስጥ የሚገባው ነገር ግን ለየቅል ነው።

ሰባሪው

ስኖ ኮን የቴክሳስ ልጅ ነው። ሳሙኤል በርት የሚባል የዳላስ ሰው በ1919 በቴክሳስ ስቴት ፌር ላይ ይሸጠው ነበር፤ በዓመቱም በረዶውን የሚፈጭ ማሽን ሠራለት። ዛሬ ጎልድ ሜዳልን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ማሽን ዘመዱ ነው። ከላይ ኩብ በረዶ ትጨምራላችሁ፣ እጀታውን ትጫናላችሁ፣ ውስጥ የሚሽከረከረው ምላጭ ይሰባብረዋል። ጠንካራ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ማንም ሰው በ5 ደቂቃ ይለምደዋል። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ይቀላል።

ችግሩ ሽሮፑ ላይ ነው። የሚወጣው በረዶ ጠጠር ጠጠር ያለ ስለሆነ ሽሮፑ በመሃል ሾልኮ ታች ይወርዳል። ሕፃኑ ስትሮውን እስከ ሥሩ ሰዶ ቀዩን ውሃ ይመጠውና ነጭ በረዶ ታቅፎ ይቀራል። እናቱ "ትንሽ ጨምሪለት" ትላለች። ትጨምራላችሁ። እንደዛ እያላችሁ አንድ ኩባያ የሁለት ኩባያ ሽሮፕ ይበላባችኋል።

ለልደት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በዓል፣ ለትምህርት ቤት ዝግጅት ይህ ማሽን ይበቃል። ሰው ወረፋ ይዞ፣ ከሌላ ሰፈር ነድቶ እንዲመጣላችሁ ካሰባችሁ ግን አይሆንም።

ብሎክ

በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነ ቦታዎች በረዶ ይልጋሉ እንጂ አይሰባብሩም። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኧርነስት ሃንሰን በ1934 የራሱን ማሽን ሠርቶ፣ በ1939 ከባለቤቱ ጋር ሱቅ ከፈተ፤ ሱቁ ዛሬም አለ። የስኖዊዛርድ ማሽንም የዚያው ከተማና የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ሃዋይ ውስጥ ደግሞ ነገሩን ያመጡት የጃፓን ስደተኞች ናቸው። ኦዋሁ ደሴት ላይ ሃሌይዋ ያለው የማትሱሞቶ ሱቅ ከ1951 ጀምሮ እየሠራ ነው። ስዋን እና ሃትሱዩኪ የሚባሉት ማሽኖችም የጃፓን ናቸው።

የብሎክ በረዶ ጥራቱ አያከራክርም። በደንብ ሲላግ እንደ ባዘቶ ጥጥ ነው፤ ሽሮፑን ይዞ ያስቀረዋል፣ እስከ መጨረሻው ማንኪያ ጣዕም አለው። ግን ባለሙያ ይፈልጋል። ብሎኩ ከፍሪዘር ሲወጣ ነጭ ውርጭ ለብሶ፣ ጣት ላይ እየተጣበቀ ነው። ወዲያው ማሽኑ ላይ ብታስሩት የሚወርደው ደረቅ ብናኝ ነው፤ አይቆለልም፣ ሽሮፕ ሲነካው ይደረመሳል። ጥቂት ስታቆዩት ውርጩ ይጠፋል፣ ላዩ ይረጥባል፣ ውስጡ ጥርት ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ ነው የሚላገው። ብዙ ካቆያችሁት ደግሞ ውሃ ሆኖ ይፈሳል። የምላጩን ከፍታም በየጊዜው ማስተካከል አለ፤ ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ አይሠራም።

ይህን መልመድ ይቻላል። የሚከብደው ብሎኩን ማግኘቱ ነው። ሒሳቡን እንሥራ። ለመካከለኛ ኩባያ ግማሽ ፓውንድ በረዶ ብላችሁ ያዙ። 100 ኩባያ ለመሸጥ 50 ፓውንድ ያስፈልጋል። ባለ 10 ፓውንድ ብሎክ ከሆነ 5 ነው፤ የሚቀልጠውን ጨምሩበትና 6 በሉት። አንድ ብሎክ በቅርጹ ውስጥ ሆኖ በደንብ ለመጠንከር አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ለቅዳሜ ገበያ ሐሙስ መጀመር አለባችሁ።

የት ነው የምትሠሩት? "ቤዝመንት ፍሪዘር አለኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። አሜሪካ ውስጥ በምግብ ደንቡ በረዶ ራሱ ምግብ ነው። መኖሪያ ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብ ለሕዝብ መሸጥ ደግሞ በአብዛኛው ክልክል ነው። ብሎካችሁ ፈቃድ ባለው ኩሽና ውስጥ መሠራት አለበት። እዚህ "ኮሚሳሪ" የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በወር ወይም በሰዓት ይከራያል። ዘመድ ሬስቶራንት ካለው እና ፍሪዘሩ ቦታ ካለው ግማሹ ጭንቀት ተቃለለ ማለት ነው። ጤና ቢሮው ግን ስምምነቱን በወረቀት ማየት ይፈልጋል፤ "የአጎቴ ልጅ ነው" ብቻ አይበቃም።

ኩብ

መሃል ላይ ያለው ይህ ነው። ከሱፐርማርኬት የሚገዛውን የከረጢት በረዶ ይቀበልና ስለታም ምላጭ ላይ እየገፋ ይልገዋል። በዩታ የሚሠራው ስኖዊ በዚህ ይታወቃል፤ ሃትሱዩኪም ከብሎኩ ሌላ የኩብ ማሽን አለው።

እንደ ብሎኩ ነው? አይደለም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ብትቀምሱ ልዩነቱ ይታወቃል፤ የኩቡ ትንሽ ሻከር ይላል። ነገር ግን ምላጩ ስለታም ከሆነ ሐምሌ ላይ በ95 ፋራናይት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ይህን አይጠይቃችሁም። ጫጫታው ግን የሚገርም ነው። ደንበኛው "ማንጎ" ሲል "ሮማን" ሰምታችሁ ልትቀዱ ትችላላችሁ። ምላጩንም ቶሎ ቶሎ መቀየር አለ። ማሽኑን ስትገዙ ተለዋጭ ምላጭ ምን ያህል እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ አሜሪካ ውስጥ መለዋወጫ የሌለው ከሆነ ተዉት።

ጥቅሙ ሌላው ሁሉ ነው። ለዚያው 100 ኩባያ ባለ 20 ፓውንድ ከረጢት 3 ይበቃችኋል፤ ለሚቀልጠው አንድ ጨምሩ። ጠዋት ገዝታችሁ ጥሩ ኩለር ውስጥ ትከታላችሁ፤ ቢያልቅ አንድ ሰው ሮጦ ያመጣል። ከረጢቱ የታሸገና መለያ ያለው ስለሆነ ተቆጣጣሪ "በረዶው ከየት ነው?" ሲል ከረጢቱን ታሳያላችሁ። ደረሰኙን አትጣሉ።

ኤሌክትሪክም ይቀላል። ማሽኑ ራሱ ብዙ አይበላም፤ የሚበላው ፍሪዘር ነው። ብሎክ ይዞ ቀኑን ሙሉ ለመዋል ፍሪዘር፣ ፍሪዘሩን ለማሠራት ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ይመጣል። ኩብ የያዘ ሰው ኩለሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ የኩብ ማሽኖችም አሉ።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ጉዞ አስቡ። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ውድድር በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ከተማውም ይቀያየራል። እዚያ ልትሸጡ ብትነሱ፣ የብሎክ ሰው ወይ በረዶ ጭኖ ሙሉ ቀን ይነዳል፣ ወይ በማያውቀው ከተማ ብሎክና ፍሪዘር ያፈላልጋል። የኩብ ሰው ማሽኑን መኪናው ኋላ ወርውሮ ይሄድና እዚያው ከግሮሰሪ ይገዛል። ጊዜያዊ ፐርሚቱን ከዚያው ካውንቲ ማውጣት ለሁለቱም ግዴታ ነው።

የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ሰመር ከሆነ፣ ቋሚ ቦታ ከሌላችሁ፣ ድንኳን ተክላችሁ የምትነሱ ከሆነ ኩብ የሚልግ ግዙ። ቋሚ ሱቅ ወይም ፈቃድ ያለው ፍሪዘር በእጃችሁ ካለ፣ በተለይ ሌላ ሻጭ ባለበት ሰፈር ከሆነ፣ ብሎክ ውስጥ ግቡ፤ ያን ጊዜ ጥራቱ ደንበኛ ይነጥቅላችኋል። ሰባሪውን ለግብዣ ተከራዩት፤ በቀን የሚያከራዩ የድግስ ዕቃ ቤቶች ሞልተዋል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

የካውንቲያችሁ ጤና ቢሮ ጋ ደውሉ። ሞንትጎመሪ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ ፌርፋክስ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የኤንኤስኤፍ ምልክት (የምግብ ዕቃ ንጽሕና ማረጋገጫ) የሌለው ማሽን ትቀበላላችሁ ወይ? እጅ መታጠቢያና ዕቃ ማጠቢያውስ ስንት ገንዳ ይሁን? ኢንተርኔት ላይ ከ100 ዶላር በታች የሚሸጡት አብዛኞቹ ለቤት የተሠሩ ናቸው። ልጆቻችሁን አስደስቱባቸው፤ ለንግድ አይሆኑም።

ድንኳን ወይስ ትሬይለር ለሚለው ብዙ አልጨነቅም። ወቅቱ ከሜሞሪያል ዴይ (ሜይ መጨረሻ) እስከ ሌበር ዴይ (ሴፕቴምበር መጀመሪያ) ነው፤ 15 ቅዳሜና እሁድ ገደማ። ዝናብ የሚወስደውን ቀንሱ። በዚህች ጊዜ ለትሬይለር፣ ለኢንሹራንሱ፣ ለማቆሚያው ተበድሮ መክፈል ከባድ ነው። ባለ 10 በ10 ጫማ ድንኳን ግዙ፤ እግሮቹን ግን በክብደት እሰሩ፣ የሐምሌ ከሰዓት ንፋስ ይዞት ይሄዳል።

ሽሮፕ ላይ ግን ቆም በሉ። ሦስት ምርጫ አለ። ተዘጋጅቶ በጋሎን የሚሸጠው ቀላል ነው፤ ውድ ነው፤ ከባድም ነው። ኮንሰንትሬት (የጠነከረ የጣዕም ፈሳሽ) ገዝቶ ስኳር ውሃ ውስጥ መበጥበጥ ይረክሳል፤ የተለመደው ልክ ለአንድ ጋሎን የስኳር ሽሮፕ 4 ኦውንስ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ግን ተከተሉ። 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ ስታሟሙ 1.6 ሊትር ያህል ሽሮፕ ይወጣችኋል። ይህም በፈቃድ ኩሽና ውስጥ ነው የሚሠራው። ቀይ ሽሮፕ ስትገዙ መለያውን እዩ፦ ሬድ 3 የተባለውን ቀለም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በጥር 2025 አግዶታል፤ አምራቾች ከምግብ እንዲያወጡት የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ጥር 2027 ነው። የቆየ ዕቃ በርካሽ የሚሸጥላችሁ ካለ ለምን እንደሆነ ጠርጥሩ።

ሦስተኛው የራሳችሁ ጣዕም ነው። ከርካዴ፣ ዝንጅብል በሎሚ፣ ማንጎ፣ ብርዝ የመሰለ የማር ሽሮፕ። እውነተኛ ፍራፍሬ ያለው ቶሎ ይበላሻል፤ በረዶ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ተቆጣጣሪውም ይጠይቅበታል። ማር ያለበትን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጡ። ሁለት ሦስት የራስ ጣዕም ከ30 ዓይነት ቀለም ይበልጣል ባይ ነኝ።

ደግሞ ሌሎች ሻጮች የማያውቁት ገበያ አለን። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ የሙቀቱ እምብርት። አይስክሬሙ ሲዘጋ ሼቭድ አይስ የጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብም እንደዚያው። "የጾም" ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ከላይ የሚፈሰውን ኮንደንስድ ወተት ግን በሌላ ማንኪያ፣ በሌላ ዕቃ አድርጉት። ባልቲሞሮች ስኖቦል (ሼቭድ አይስን እንዲህ ነው የሚሉት) ላይ የሚወዱት ማርሽሜሎ ጀላቲን ወይም የእንቁላል ነጭ ሊኖርበት ይችላል፤ ጀላቲን ከእንስሳ ነው፣ ከአሳማም ሊሆን ይችላል። ጿሚውም ሙስሊሙ ደንበኛችሁም ይጠይቃል፤ መልሱን ይዛችሁ ጠብቁ።

ማሽኑን ቆይቼ ለእህቴ ድሬዳዋ እልከዋለሁ ለምትሉ፦ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 220 እና 50። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል፤ ኸርዙን አይነካውም፤ ብዙ ሞተር በዚያ ምክንያት ቀስ ብሎ ይዞራል። ከመጀመሪያው ለ220 የተሠራ መግዛት ይሻላል።

ያገለገለ ከፈለጋችሁ ከሌበር ዴይ በኋላ ፈልጉ። ሥራው ያልሆነለት ሰው የብርዱን ወራት ጋራዥ ውስጥ ሊያቆየው አይፈልግምና ዋጋ ይቀንሳል። ልታዩ ስትሄዱ በረዶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶውን ሲዞር ሁሉም ማሽን ደህና ይመስላል። ጥቂት ኩባያ አስልጋችሁ እዩት፤ ምላጩ ቢደንዝ በቀላሉ ይቀየራል፤ ሞተሩ በረዶ ሲነካ የሚያቃስት ከሆነ ግን አመስግናችሁ ውጡ።