«እንዳትገዛው» የተባልኩት የ2012 ፕሪየስ፦ ከ17 ወር በኋላ

ስገዛው ያልከለከለኝ ሰው የለም። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቡና የምንጠጣበት ቦታ የሚቀመጠው ሁሉ የመሪ ሰው ነው። ኡበር የሚሠራ አለ፣ ሊፍት የሚሠራ አለ፣ ዲሲ ላይ ለሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ አለ። ለነሱ በነዳጅና በባትሪ የሚሄደው የቶዮታ ሃይብሪድ፣ ፕሪየስ፣ ልጅ ያሳደገ፣ ቤት ያስገዛ መኪና ነው። «2012 ነው» ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ወይ የድሮውን ፈልግ፣ ወይ ገንዘብ ጨምረህ ከ2016 በላይ ግዛ። መሃል ያለውን እንዳትነካ!»

መሃል ያለው ሦስተኛው ትውልድ ነው፣ ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል። ፍጥነት የሚወዱ ሰዎች ፕሪየስን ከጥንትም አይወዱትም። ሞተሩና ባትሪው ተደምረው 134 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከቆመበት 60 ማይል ለመድረስ 10 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ይሄ እኔን አያሳስበኝም፤ ተሳፋሪ ይዤ የምወዳደረው ሰው የለም። ያሳሰበኝ የሌሎቹ ጥላቻ ነው፤ ፕሪየስን ሲያመሰግኑ ኖረው ይሄን ሞዴል ከያዙ በኋላ «ሁለተኛ አልነካውም» ብለው የማሉ ሰዎች። እነሱ ደግሞ ምክንያት አላቸው።

ከ2004 እስከ 2009 ያለው ሞዴል 1.5 ሊትር ሞተር ነበረው። ሦስተኛው ላይ 1.8 ገባ፤ አብሮም ኢጂአር የሚባለው ነገር መጣ። ከሞተሩ የወጣውን ጭስ ከፊሉን ይወስዳል፣ በራዲያተር ውሃ ያቀዘቅዘዋል፣ መልሶ ወደ ሞተሩ ያስገባዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው፤ ይቆጥባልም። ችግሩ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ቀጫጭን ናቸው። ማይሉ ሲበዛ ጥቀርሻ ይይዛቸዋል። መካኒኮች እንደሚያስረዱት፣ የቀዘቀዘው ጭስ ለአራቱም ሲሊንደር እኩል መድረሱን ሲያቆም የሞተሩ ውስጥ ሙቀት ይጨምራል፣ በመጨረሻ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በታችኛው አካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ይሄዳል። ያን ጊዜ መኪናው ቆሞ ሲያድር ውሃው ወደ ሲሊንደር ይሰርጋል። ጠዋት ሲነሳ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ሲሞቅ ደግሞ ይተወዋል። ብዙ ሰው የተሸወደው እዚህ ጋ ነው።

በዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፒስተን ፋሻ ዘይት ያሳልፋል ተብሎ ይወቀሳል። በ2014 (በፈረንጆች) ደግሞ ቶዮታ በዓለም ዙሪያ 1.9 ሚሊዮን ፕሪየስ ለጥገና ጠርቷል፤ የኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀይረው ክፍል፣ ሶፍትዌር ትራንዚስተሮቹን ከመጠን በላይ ያሞቅ ስለነበር ነው። ይሄን ማጣራት ቀላል ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ማስገባት ነው፣ በነፃ። የኔው ተሠርቶለት ነበር።

ታዲያ ለምን ገዛሁት? ዋጋው ነው። 121,000 ማይል የሄደ፣ አንድ ባለቤት ብቻ የያዘው መኪና በ5,900 ዶላር አገኘሁ። ዋጋውን ያወረደው መጥፎ ስሙ ነው። እኔ ደግሞ ችግሩ ከታወቀ መድኃኒቱም ይታወቃል ብዬ አሰብኩ። ለጥገና 1,500 ዶላር ለብቻው አስቀመጥኩ።

ሻጩን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው።» ገና ሳይነጋ ሄድኩ። መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። የራዲያተሩን ውሃ አየሁ፣ በልኩ ነው። የዘይቱን ዘንግ መዝዤ አየሁ። ከዚያ እሱ አስነሳ፣ እኔ ሞተሩ አጠገብ ቆሜ አዳመጥኩ። ቀጥ ብሎ ነው የተነሳው። እንዲህ ሳላይ አንድ ዶላር አልከፍልም ነበር።

በገዛሁት በሁለተኛው ሳምንት ኢጂአሩን አወረድነው። ያገዘኝ ድሮ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ የነበራቸው፣ እዚህ ከመጡ ጀምሮ ሃይብሪድ ሲፈቱ የኖሩ ጋሼ ናቸው። የዝናብ መጥረጊያውን፣ ከሥሩ ያለውን ላስቲክና ቆርቆሮ ሁሉ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ማቀዝቀዣው የተደበቀው ከሞተሩ ጀርባ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው። አንዷ ብሎን ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀች። ሲወጣ ጋሼ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩበት። ምንም አይታይም። ውሃ አፈሰሱበት፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። «እየው ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ነው ሞተር የሚገድለው።» ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር የእናቴን ማዕድ ቤት ጣሪያ ነው ያስታወሰኝ፤ ስንት ክረምት እንጨት የጨሰበት። ያን ያህል ማይል ሲሄድ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና ዘፍዝፈን፣ በሙቅ ውሃ እያጠብን ዋልን። ወደ ማታ ውሃው ሲፈስበት ልክ እንደ ቧንቧ ወረደ። አየር ማስገቢያው ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎችም በሽቦ አጸዳናቸው። እነሱን ሳያጸዱ ማቀዝቀዣውን ብቻ ማጠብ ግማሽ ሥራ ነው።

የሙሉ ቀን ድካምና የጥቂት ማሸጊያ ዋጋ ነው የወጣብኝ። ጓርኒሲዮኑ ከሄደ በኋላ ቢሆን ሺዎች ነበር። ይሄን ሞዴል የያዛችሁ ሰዎች እባካችሁ መብራት እስኪበራ አትጠብቁ። ለዚህኛው ችግር መብራቱ የሚበራው ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

በስድስተኛው ወር ያ የሚያስፈራው ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። በአቅራቢያዬ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳያዩት «ባትሪው ሞቷል፣ 3,800 ዶላር» አሉኝ። ያን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ከኋላ ወንበር በስተቀኝ ያለችውን የአየር መሳቢያ ከፈቷት። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ በውሻ ፀጉር ተጠቅጥቋል፤ የቀድሞው ባለቤት ውሻ ነበረው። አጸዱት፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አጠፉት፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስንቱ ሾፌር በዚህ ምክንያት ደህና ባትሪ እንደቀየረ ሳስበው ያናድደኛል። አሁን ተሳፋሪ እዚያ ጋ ካፖርት ሲያስቀምጥ ይቅርታ ጠይቄ አነሳዋለሁ።

ነዳጁን ልንገራችሁ። መንግሥት የለካው በአማካይ በጋሎን 50 ማይል ነው። የኔ በበጋ 48 አካባቢ ነው፤ ክረምት ላይ ማሞቂያ ስለሚበዛ ወደ 42 ይወርዳል። ቀን ከሌት ለሚሠራ ሰው ይሄ የቤት ኪራይን የሚያግዝ ነገር ነው። ቨርጂኒያ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ላይ በየዓመቱ የመንገድ ክፍያ ታስከፍላለች፤ እሱ ተከፍሎም ትርፉ የኔ ነው። ዘይቱን ነዳጅ በቀዳሁ በየሁለተኛው ጊዜ እለካለሁ። እስካሁን ያሳሰበኝ ነገር የለም።

ስፋቱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ወደ ደለስ ኤርፖርት ብዙ እሄዳለሁ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ባልና ሚስት ሲሆኑ ሦስቱን ከኋላ፣ አራተኛውን ከፊት ወንበር አደርጋለሁ። ይችላል።

የማልወድለት ወንበሩን ነው። ከአምስት ሰዓት በላይ ሲነዱበት ወገብ ያማል፤ ትራስ ገዝቻለሁ። በመሃል ያለው ሰፊ መደርደሪያ ጉልበት ይነካል። አውራ ጎዳና ላይ የጎማው ድምፅ ይሰማል። ካታሊቲኩን፣ ማለትም ከሥር ያለውን የጭስ ማጣሪያ፣ የሚሰርቅ ሌባ ከዚህ ይልቅ ያረጀውን ሞዴል ነው አብዝቶ የሚፈልገው ይባላል፤ ቢሆንም ከሥሩ የብረት መከላከያ አስገጥሜያለሁ።

ዛሬ 164,000 ማይል ላይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሲነሳ አሁንም አዳምጠዋለሁ። ኢጂአሩን 170,000 ላይ ደግመን እናወርዳለን።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሠፈር ልጅ ደወለልኝ። 2011 አግኝቷል፣ ዋጋውም ጥሩ ነው። «ስደርስ ባለቤቱ ሞተሩን አሙቆ ጠበቀኝ፣ በጣም ጸጥ ያለ ነው» አለኝ። ገንዘቡን እንዳይሰጥ ነገርኩት። ነገ ገና ሳይነጋ አብረን እንሄዳለን። ባለቤቱንም ማታ ደውለን እንዳያስነሳው ነግረነዋል።