ከቪታራና ከቴሪዮስ አንዱን እንድመርጥ ለረዱኝ የሱሉልታ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ሱሉልታ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ ላላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም ያገለገለ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ እርሳቸውን ሳታማክሩ ቀብድ እንዳትከፍሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸውና ስልካቸው እንዲህ ባለ ቦታ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ፣ ሁልጊዜ እንደምጠራቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

የምኖረው ሱሉልታ፣ የምሠራው ደግሞ አራት ኪሎ ነው። እናቴ ለሕክምና ክትትል በየጊዜው ወደ ከተማ መውረድ ይኖርባታል፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ግን አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ተሰልፎ መጠበቁም ሆነ ሚኒባስ ውስጥ መውጣቱ ከአቅሟ በላይ ሆኖባታል። በዚህ ምክንያት ካጠራቀምኩት ላይ የዕቁብ ገንዘቤን ጨምሬ ከመሬት ከፍ ያለች፣ በቤንዚን የምትሠራ አነስተኛ መኪና ለመግዛት ወሰንኩ። የኤሌክትሪክ መኪና እንድገዛ የመከሩኝ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የምንኖረው በኪራይ ግቢ ውስጥ በመሆኑና መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋብን ሐሳቡን ተውኩት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለና በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ያገለገለ የቤንዚን መኪና የሚገዛ ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ የገባበት ያውቀዋል። ምርጫው ያለው እዚሁ ሲነዱ በኖሩት መኪኖች መካከል ነው፤ ዋጋቸውም በዕድሜያቸው አይቀንስም።

ጋሼን ከማግኘቴ በፊት የደረሰብኝን ሳስታውስ አሁንም ያንገበግበኛል። አንድ ቦታ የራሴን መካኒክ ይዤ መምጣት እንደማልችል፣ ካላመንኳቸው መሄድ እንደምችል በግልጽ ነገሩኝ። ሌላ ቦታ «ገዢ እየተሻማበት ነው» ተብዬ ቀብድ ከከፈልኩ በኋላ ሊብሬው ሲጣራ መኪናው የባንክ ዕዳና እገዳ ያለበት ሆኖ ተገኘ፤ ቀብዴን ለማስመለስ የተመላለስኩትንና የሰማሁትን ስድብ እዚህ መጻፍ አልፈልግም። ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ግን መኪና እንዲመረምርልኝ ገንዘብ የከፈልኩት ባለሙያ ነው። መኪናውን ከፍ አድርጎ ሥሩን እንኳ ሳያይ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ምንም የማይወጣለት መኪና ነው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ» አለኝ። ከሻጩ ደላላ ኮሚሽን እንደተቀበለ የሰማሁት በኋላ ነው። ገዢ የከፈለውን ባለሙያ በሻጭ ገንዘብ መግዛት እንደ ተራ ነገር የሚታይበት ገበያ ውስጥ፣ ለብዙ ዓመታት የቆጠበች አንዲት ሴት ማንን ትመን?

በመጨረሻ በእጄ ላይ ሁለት ምርጫዎች ቀሩ። አንዱ 1500 ሲሲ ዳይሃትሱ ቴሪዮስ፣ ሌላው 2000 ሲሲ ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ነበር፤ የተጠየቀባቸው ዋጋም ተቀራራቢ ነው። ልቤ ያዘነበለው ወደ ቪታራው ነበር፤ ሰፊ ነው፣ ግርማ ሞገስም አለው። ወደ ጋሼ የመራችኝ የሰፈራችን ባለሱቅ ናት፤ ይህን ውለታዋን አልረሳውም።

ጋሼ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መኪኖቹ አልነበረም። ስንት ሰው እንደምጭን፣ ቤታችን ከአስፋልቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በክረምት መንገዳችን ጭቃ ይይዝ እንደሆነ፣ ክፍለ ሀገር እሄድ እንደሆነ፣ ለቤንዚን በወር ምን ያህል ማውጣት እንደምችል በዝርዝር ጠየቁኝ። ስለ እናቴ ስነግራቸው ደግሞ «መኪናው ለእናትሽ ከሆነ ያለ እርሳቸው እንዴት እንመርጣለን? ቅዳሜ ይዘሻቸው ነይ» አሉኝ። ሻጮቹም መኪኖቻቸውን በዚያው ዕለት በጠዋት እንዲያመጡ፣ ከተቻለም ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ እንዲደርሱ ነገሩልኝ፤ ያረጀ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው በጠዋት ብርድ ነው ይላሉ።

ቪታራውን ሲያዩ ኮፈኑን ከፍተው ብዙም አልቆዩም። የፓራፋንጎውን፣ ማለትም ከፊት ጎማው በላይ ያለውን የአካል ክፍል፣ ቡሎኖች በጣታቸው እየነኩ ቀለማቸው በመፍቻ መላጡን አሳዩኝ፤ የፊት መስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍም ከሌሎቹ መስታወቶች ጋር እንደማይመሳሰል አመለከቱኝ። ከዚያ ሥር ገብተው ወጡና «ይህ መኪና ከፊት ተመትቶ ተበይዷል» አሉ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢያሳይም የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ፈጽሞ ተበልቶ ነበር፤ ይህን ካሳዩኝ በኋላ እኔም በዓይኔ ለየሁት። የተቀረውን፣ ኮምፒዩተር ሰክተው ያነበቡትን ጨምሮ፣ ቢያብራሩልኝም አልገባኝም። ደላላው ወደ ጎን ጠርቶ ሊያነጋግራቸው ሲሞክር የመለሱለት መልስ ግን በደንብ ገብቶኛል፤ «የምትለኝ ነገር ካለ እዚሁ፣ እርሷ እየሰማች በለኝ» አሉት። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

ጋሼ ግን የቪታራን ስም አላጠፉም፤ ይህ ራሱ ትልቅነት ነው። ጤነኛ ግራንድ ቪታራ ጠንካራ መኪና መሆኑን፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ እንደሚስብ፣ ከባድ ማርሽም ስላለው ኮረኮንችና ጭቃ ለሚያዘወትር ሰው እርሳቸው ራሳቸው እንደሚመርጡት ነገሩኝ። ለእኔ ግን የሚበጀኝ ቴሪዮሱ እንደሆነ ምክንያቱን አስረዱኝ። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የእኔ መንገድ ደግሞ ከዚያም በላይ የእንጦጦን ዳገት ይወጣል። ይህን ስሰማ ትልቁን ሞተር ሊመርጡልኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ቴሪዮስ ከቪታራ በጣም ስለሚቀል፣ ሁለት ሦስት ሰው ይዞ ሳይቸኩል ይወጣዋል፤ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው የሚከብደው የ2000 ሲሲው ቤንዚን ነው አሉኝ። ቴሪዮስ ከቶዮታ ራሽ ጋር አንድ ሞተርና አንድ አካል ስለሚጋራ መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ ፈልጎ ማግኘት ብዙ እንደማያስቸግርም ጨመሩልኝ። በቃል ብቻም አላበቁም፤ ሻጩን አስፈቅደው እኔን፣ እናቴንና አንድ ሠራተኛቸውን ጭነው ዳገቱን ወጡት። ማርሽ መቀነስ ነበረበት፣ ፍጥነትም የለውም፤ ነገር ግን ሳይግልና ሳያጨስ አናቱ ላይ አደረሰን።

እናቴን ሁለቱም መኪና ውስጥ አስገብተው ያዩበትን ሁኔታ ሳልናገር አላልፍም። «እማማ፣ አይቸኩሉ፣ እጀታውን ይያዙ» እያሉ በየትኛው እግሯ እንደምትረግጥና የት ላይ እንደምትቸገር አጎንብሰው ይመለከቱ ነበር። ቴሪዮሱን ከገዛሁ በኋላ ለዘይት ለውጥ ስመለስ፣ በእርሷ በር ሥር የምትረግጥበትን ብረት በልኳ ቆርጠውና በይደው፣ እንዳያንሸራትታት ላስቲክ አልብሰው ገጠሙላት። ዋጋውን ስጠይቅ «እማማ ይመርቁኝ» ከማለት በስተቀር አንድም ብር አልተቀበሉኝም። እናቴ ዛሬ ማንም ሳይደግፋት ትገባለች፤ በገባች ቁጥርም ትመርቃቸዋለች።

ለምርመራው የወሰዱት አስቀድሞ የተስማማንበትን ብቻ ነው፤ ቴሪዮሱ ላይ ያገኙትን የሾክ አብዞርበርና የጎማ ጉድለት ለሻጩ ዘርዝረው ነግረውት ዋጋ ያስቀነሱልኝ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

ከሱሉልታም ሆነ ከአዲስ አበባ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እርሳቸውን አሳዩ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል። እሑድ አይሠሩም፤ መኪናውን በጠዋት ውሰዱ፣ ሊብሬውን ያዙ፣ የሚነዳውን ወይም የሚሳፈርበትን ሰው ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ስለ እርሱ ነው።