ጥብሱ ጥሩ ነው፤ የጓሮው በረንዳ ግን ይበልጣል

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄድበት ሥጋ ቤት አለ። ልወቅሳቸው ስለሆነ ስማቸውን አልጠራም። ከጓሮ በረንዳው የጦሳን ተራራ ያሳያል ካልኩ ግን የሚያውቀው ያውቀዋል።

ሸክላ ጥብሱ ግሩም ነው። ሥጋው አይደርቅም፣ አዋዜውም ያቃጥላል እንጂ አይመርም። መስተንግዶው ግን ይንቀራፈፋል። ባለፈው 40 ደቂቃ ሙሉ "አብሽር ጋሼ፣ ደረሰ" ስባል ነበር። በዚያ ላይ ያላዘዝኩትን ለስላሳ ደምረውብኛል።

ስትሄዱ ጓሮውን ያዙ። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ቁራዎች ይሰለፋሉ። ማጅራታቸው ነጭ፣ ምንቃራቸው ወፍራም፣ መኖሪያቸው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ የሆነው የኛዎቹ ናቸው። ድምፃቸው ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ይመስላል።

አንድ ቀን ውሻው አጥንት ይግጣል። አንዱ ቁራ ፊቱ ቆመ። ሌላው ከኋላ ዞሮ ጅራቱን ጎተተው። ውሻው ዞር ከማለቱ አጥንቱ የለም! የወሰደው ቁራ ቁራጭ ሥጋ ነጥሎ አጥሩ ሥር ደበቀ። ጓደኛው እያየው መሆኑን ሲያውቅ መልሶ አወጣና ሌላ ቦታ ወሰደው።

ፍርፋሪ ከሌለ እበቱ ላይ ይወርዳሉ። ምንቃራቸውን እንደ ማጭድ ግራ ቀኝ እያወናጨፉ በትነው ትሉን ይለቅማሉ።

ሰውም ይለያሉ። ሥጋ ቆራጩ ብቅ ሲል ይጠጋሉ። ድንጋይ የሚወረውረው ልጅ ሲመጣ፣ ገና ሳይጎነበስ ጣሪያ ላይ ናቸው። የቆራጩን ነጭ ጋውን ለብሶ ቢመጣም አልተሸወዱም። አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ጭንብል አጥልቀው ቁራዎች ይዘው ለቀው ነበር። ከዓመታት በኋላም ያንን ጭንብል ባጠለቀ ሰው ሁሉ ላይ ቁራዎቹ ይጮኹበት ነበር። እኔ ይህን ያመንኩት እዚህ በረንዳ ላይ ነው።

ሄዶ የቀረውን "የቁራ መልእክተኛ" እንላለን። የዚህ ቤት ቁራ ግን ቀርቶ አያውቅም፤ የሚቀረው አስተናጋጁ ነው።

ለጥብሱ ከ5 4፣ ለመስተንግዶው 2። ሳህናችሁን ግን ጠብቁ። እኔ ያችን ለስላሳ ሒሳቡ ላይ ልፈልግ ባቀረቀርኩበት አንዱ መጥቶ የመጨረሻውን ጎድን ይዞ ሄደ። አስተናጋጁ ቆሞ ሲስቅ አየሁት። ምትክ አላመጣም።