የኮምፒውተር ወንጀል ሕግን ለቴክኒክ ባለሙያ የሚያስተምር ኮርስ፦ ስድስት ሳምንት ተከታትዬ ያየሁት

የኮምፒውተር ወንጀል ሕግን ለሥርዓት አስተዳዳሪዎችና ለደኅንነት ፈታሾች የሚያስተምር፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ የስድስት ሳምንት ኮርስ በቅርቡ ጨርሻለሁ። የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፤ ያቀረብሁት ቅሬታ ገና መፍትሔ ያላገኘ በመሆኑ ነው። ሆኖም ተመሳሳይ ኮርስ ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ምን መመርመር እንዳለበት ከእኔ ልምድ ሊያይ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንደተመዘገብሁ ልናገር። ቀድሞ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ባለሙያ የአንድ ደንበኛን ሰርቨር በቃል በተሰጠው ፈቃድ ብቻ ፈትሾ ከባድ የደኅንነት ክፍተት አገኘ፤ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ግን ፈቃድ ሰጪው ኃላፊ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣኝም ብሎ ካደው። ልጁ ለወራት እንደ ተጠርጣሪ ሲመላለስ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የዚህን ሕግ ድንበር በሚገባ ሳላውቅ የማንንም ማሽን ላለመንካት ወሰንሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከጠበቅሁት በላይ ነበር። አስተማሪዋ ትምህርቱን ከአንቀጽ ቁጥር ሳይሆን ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ከነበረው ባዶ ቦታ ይጀምራሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ስቲቨን ጎልድና ሮበርት ሺፍሪን የተባሉ ሁለት ሰዎች ፕሬስቴል ወደሚባለው የብሪቲሽ ቴሌኮም የመረጃ አገልግሎት ያለ ፈቃድ ገቡ፤ በሩን የከፈተላቸው 22222222 የሚል መለያና 1234 የሚል የይለፍ ቃል ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ የልዑል ፊሊፕን የመልእክት ሣጥን እስከ ማየት ደርሰዋል። ድርጊቱን በቀጥታ የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ የተከሰሱት በ1981ዱ የሐሰተኛ ሰነድ ሕግ ነበር፤ ዐቃቤ ሕግም ለቅጽበት በማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠፋውን የመለያ መረጃ እንደ ሐሰተኛ ሰነድ ለማስቆጠር ተከራከረ። በመጀመሪያው ችሎት ጥፋተኛ ቢባሉም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ አወጣቸው፣ በ1988ም በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ሆኖ ይሠራ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ነፃ መውጣታቸውን አጸና፤ የ1990ው የእንግሊዝ የኮምፒውተር አላግባብ አጠቃቀም ሕግ የወጣው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። አስተማሪዋ ከዚሁ ጋር በሜይ 2000 ዓለምን ያዳረሰውን «አይ ላቭ ዩ» የተባለ የኢሜይል ትል (ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) ያነሣሉ። የፊሊፒንስ ዐቃቤያን ሕግ የተጠረጠረውን ሰው በእጃቸው ይዘው መልቀቅ ግድ ሆኖባቸዋል፤ በጊዜው ድርጊቱን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ በአገሪቱ አልነበረም፣ በሚቀጥለው ወር የወጣው ሕግም ወደኋላ ተመልሶ ሊሠራ አይችልም። የሕጋዊነት መርህ የሚባለውን፣ ማለትም ድርጊቱ ሲፈጸም ሕግ ካልከለከለው ወንጀል አይሆንም የሚለውን ነገር ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ሁለተኛው ሳምንት በ2001 ለፊርማ የቀረበውንና በ2004 ሥራ ላይ የዋለውን የቡዳፔስት ስምምነት የተባለ ዓለም አቀፍ የሳይበር ወንጀል ውል መሠረት አድርጎ አምስቱን መነሻ ወንጀሎች ያስተዋውቃል፤ ሕገወጥ ደራሽነት (ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባት)፣ ሕገወጥ ጠለፋ (በመተላለፍ ላይ ያለ ዳታን መጥለፍ)፣ በዳታ ላይ ጉዳት ማድረስ፣ የሥርዓትን አሠራር ማደናቀፍ፣ እንዲሁም ለወንጀል የሚውሉ መሣሪያዎችን ማዘጋጀትና ማሰራጨት። አቀራረቡ ግልጽ ቢሆንም ደረቅ ነው። እዚህ ጋ የሚያስቆጨው የስምምነቱ ስድስተኛ አንቀጽ በጨረፍታ መታለፉ ነው። አንቀጹ የይለፍ ቃል መስበሪያንና መሰል ፕሮግራሞችን ለወንጀል ዓላማ መያዝን ሲከለክል፣ በፈቃድ ለሚደረግ ፍተሻና ሥርዓትን ለመጠበቅ የሚሠራ ሰው ግን ተጠያቂ እንዳይሆን በግልጽ ይደነግጋል። ኮምፒውተሩ በእነዚህ ፕሮግራሞች የተሞላ ባለሙያ ከሁሉ በፊት ሊያነበው የሚገባ ዐረፍተ ነገር ይህ ሆኖ ሳለ የተመደበለት ጊዜ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

የኮርሱ ልብ ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ርእሱም ፈቃድ ነው። የይለፍ ቃል ሰርቆ የገባ ሰው ወንጀለኛ መሆኑን ለማወቅ ኮርስ አያስፈልግም። አስቸጋሪው ጥያቄ የይለፍ ቃል በሕጋዊ መንገድ የተሰጠው ሠራተኛ የማይገባውን ሲያይ ምን ይባላል የሚለው ነው። አስተማሪዋ ለዚህ ያቀረቡት በ1999 ለጌቶች ምክር ቤት የቀረበውን የክሬዲት ካርድ ኩባንያ ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ለሠራተኛዋ ሥርዓቱ የማንኛውንም ደንበኛ ሂሳብ ይከፍትላት ነበር፤ እንድትሠራባቸው የተመደቡላት ግን የተወሰኑ ሂሳቦች ብቻ ናቸው፣ እርሷም ከእነዚያ አልፋ የሌሎችን መረጃ አውጥታ ለግብረ አበሮቿ ሰጠች። ምክር ቤቱ አንድን ዳታ የማየት ፈቃድ ተመሳሳይ ዓይነት ያለውን ሌላ ዳታ የማየት ፈቃድ አይደለም ብሎ ወሰነ። ይህን ከሰማሁ በኋላ በምሠራበት ቦታ ያለውን የተጠቃሚዎች መብት ዝርዝር ከፍቼ ስንት ሰው ከሥራው ውጪ ያለ ማኅደር ሊከፍት እንደሚችል ቆጠርሁ፤ ቁጥሩ እንቅልፍ የሚነሣ ነበር።

ከባዱ ቅሬታዬም የሚነሣው ከዚሁ ሳምንት ነው። የፈተናው ሰባተኛ ጥያቄ የአሜሪካን የ1986 የኮምፒውተር ማጭበርበርና አላግባብ መጠቀም ሕግ የሚመለከት ሲሆን፣ ለሥራው በተፈቀደለት የመረጃ ቋት ውስጥ ለግል ጥቅሙ ሲል መረጃ የፈለገ ሠራተኛ ከፈቃዱ በላይ ደርሷል ወይስ አልደረሰም ይላል። እኔ አልደረሰም አልሁ፤ ሥርዓቱ ተሳስተሃል አለኝ። ነገር ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2021 በቫን ቢዩረን ጉዳይ በ6 ለ3 ድምፅ የወሰነው በትክክል ይህንኑ ነው። የጆርጂያው የፖሊስ ሳጅን በገንዘብ ተደልሎ የመኪና ሰሌዳ መረጃ ቢያወጣም፣ መረጃው የሚገኝበትን ቋት የማየት ፈቃድ ስለነበረው ከፈቃድ በላይ በመድረስ በዚህ ሕግ ሊቀጣ አይችልም ተብሏል። ሕጉ የሚጠይቀው ሰውየው ሊገባበት ወደማይችል ፋይል፣ ማኅደር ወይም ቋት ገብቷል ወይ እንጂ በምን ፍላጎት ገባ አይደለም። እንዲህ ያለ ድርጊት በሌላ ሕግ ወይም በመሥሪያ ቤት ደንብ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የፈተናው ጥያቄ ግን ያንን አልጠየቀም። ውሳኔውን ጠቅሼ ለአዘጋጆቹ ጻፍሁ። መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመጣ «አስተያየትዎን ለይዘት ቡድኑ አስተላልፈናል» ከሚል መስመር በቀር ምንም አልያዘም። ሕግ አስተምራለሁ የሚል ድርጅት የታወቀ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በፈተናው ላይ ተገልብጦ እያየ ዝም ማለቱ አሳዝኖኛል። ከዚህ ፈተና የወጣ ባለሙያ አንድን ባልደረባ ወንጀለኛ ብሎ ሪፖርት ሊያደርግ፣ ወይም ራሱ ያለ ምክንያት ሊሸበር ይችላል።

ሌላው ጉድለት የጽሑፍ ፈቃድን የሚመለከተው ነው። አስተማሪዋ «ሁልጊዜ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ» ብለው ያልፋሉ፤ ፈቃዱ ምን መያዝ እንዳለበት ግን አያሳዩም። የወጣቱን ባልደረባዬን ችግር ሊከላከል ይችል የነበረው ወረቀት የሚፈተሹትን አድራሻዎች ለይቶ የሚዘረዝር፣ ፍተሻው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀንና ሰዓት የሚወስን፣ አገልግሎት የሚያስተጓጉል ሙከራ ይፈቀድ እንደሆነ የሚናገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመፍቀድ ሥልጣን ባለው ሰው የተፈረመ መሆን ነበረበት። ደንበኛው የተከራየው ሰርቨር የሌላ ኩባንያ ንብረት ከሆነ ደግሞ የደንበኛው ፊርማ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። አንድ የናሙና ሰነድ ቢጨመር ኮርሱ በእጥፍ ይጠቅም ነበር።

ድንበር ተሻጋሪ ምርመራን የሚያስተምረው አራተኛው ሳምንት አርጅቷል። የቡዳፔስት ስምምነት አባል አገሮች በቀን 24 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን የሚገኝ የግንኙነት ቢሮ እንዲያቋቁሙ ማስገደዱን፣ ዳታም እስከ 90 ቀን ሳይጠፋ እንዲቆይ ሊታዘዝ እንደሚችል በደንብ ይገልጻል። ይሁንና በዲሴምበር 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስላጸደቀው አዲሱ የሳይበር ወንጀል ስምምነት አንድም ቃል የለም፤ የቪዲዮዎቹን ዕድሜ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አምስተኛው ሳምንት ስለ ማስረጃ ነው፤ ለእኔ የከፈልሁትን ሁሉ የመለሰልኝ ይህ ነው። ጥቃት የደረሰበትን ማሽን ደንግጦ ማጥፋት በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ብቻ ያለውን ማስረጃ እንደሚያጠፋ፣ ምርመራ በዋናው ዲስክ ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ መደረግ እንዳለበት፣ ቅጂው ካልተነካካ ዋናውና ቅጂው አንድ ዓይነት የሃሽ ቁጥር (ከይዘቱ ተሰልቶ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ቁጥር) እንደሚሰጡ በተግባር ያሳያሉ። ማስረጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተቀበለው የሚመዘገብበት ቅጽ ከትምህርቱ ጋር ስለሚሰጥ አሁን በሥራ ቦታዬ እጠቀምበታለሁ። የሰርቨሮች ሰዓት እርስ በርስ ሳይናበብ ሲቀር ሎጎች (ማሽኖቹ የሠሩትን የሚመዘግቡባቸው ፋይሎች) በችሎት ፊት እንዴት እርስ በርስ እንደሚጣሉ የታየበት ልምምድ በተለይ ግሩም ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ክለሳና ፈተና ብቻ ነው። ቪዲዮዎቹ ያለ ችግር ይከፈታሉ፣ ጽሑፋቸውም አብሮ ይወርዳል።

ከአምስት ሦስት ነጥብ እሰጠዋለሁ። ሥራው ከጥቃት በኋላ ማስረጃ መያዝን የሚያካትት ሰው ለአምስተኛው ሳምንት ብቻ ሲል ቢመዘገብ አይከስርም። የደኅንነት ፈታሽ ግን ሦስተኛውን ሳምንት ከተከታተለ በኋላ የፈቃድ ሰነዱን ከሕግ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ያዘጋጅ። ይህን በምጽፍበት ዕለት ተመልሼ ገብቼ አይቻለሁ፤ ሰባተኛው ጥያቄ አሁንም እንደነበረ ነው።