ኤክስቴንሽን ቲዩብ፦ ማክሮ ሌንስ ሳልገዛ ነፍሳት ካነሳሁበት ዓመት

ዕቃው ባዶ ቀለበት ነው። ውስጡ መስታወት የለውም። በካሜራውና በሌንሱ መሀል ይገባና ሌንሱን ከሴንሰሩ፣ ካሜራው ውስጥ ምስሉን ከሚቀበለው ክፍል፣ ያርቀዋል። ሌንሱም ከወትሮው በጣም ተጠግቶ ፎከስ ያደርጋል። ሥራው ይኸው ነው። ለባዶ ቀለበት ብር መክፈል ቀልድ ይመስላል፤ ጓደኞቼም ቀልደውብኛል። እኔ ግን ከመስከረም ጀምሮ ከካሜራዬ ላይ የማወርደው አልፎ አልፎ ነው።

የገዛሁት ሦስት ቀለበት ያለው ርካሽ ስብስብ ነው፦ 12፣ 20 እና 36 ሚሊሜትር። የማስርበት ሌንስ የካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ነው። ይህ ሌንስ ብቻውን ቢበዛ 0.21 እጥፍ ነው የሚያጎላው፤ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል የነገሩን እውነተኛ መጠን 0.21 ያህል ነው ማለት ነው። ቀለበቱ ምን ያህል እንደሚጨምር ለማወቅ ርዝመቱን ለሌንሱ ሚሊሜትር ማካፈል ይበቃል። 36 ለ 50 ሲካፈል 0.72 ነው። 0.21 ሲደመርበት 0.93 ይሆናል። እውነተኛ ማክሮ ሌንስ የሚባለው አንድ ለአንድ፣ ማለትም በነገሩ እውነተኛ መጠን ልክ፣ የሚያነሳው ስለሆነ፣ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ አይደለም።

ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሌንስ ብቻ የያዛችሁ ከሆነ 55ቱ ላይ አድርጉት። 18ቱ ላይ በረጅሙ ቀለበት ከሞከራችሁ ፎከስ የሚያርፍበት ቦታ ሌንሱ ውስጥ ይገባና ምንም አይታያችሁም።

ቀለበቱ ዋጋውን የሚያስከፍለው በብርሃን ነው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። ሌንሱ ከሴንሰሩ ሲርቅ ብርሃኑም ይሳሳል። ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። አንድ ለአንድ አካባቢ ስትደርሱ ካሜራው ኤፍ 8 እያለ የሚደርሳችሁ ብርሃን የኤፍ 16 ያህል ነው። ኤፍ 8 ላይም ሆኖ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። የዝንቧ ዓይን ሲጠራ ክንፏ ጭጋግ ነው። አፐርቸሩን ወደ 16 ወይም 22 ላጥብበው ካላችሁ ደግሞ ፎቶው በሙሉ ይደበዝዛል፤ ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃኑ ራሱ ስለሚበተን። እኔ ከ8 እና ከ11 ወጥቼ አላውቅም።

ስለዚህ ፍላሽ ግድ ነው። በካሜራው አናት ላይ ብቅ የሚለው ፍላሽ አይረባም፤ ሌንሱ በቀለበቱ ስለረዘመ ጥላው ነፍሳቷ ላይ ይወድቃል። ያገለገለ የውጭ ፍላሽ አገኘሁና ከነጭ የእርጎ ባልዲ የቆረጥኩትን ፕላስቲክ ከፊቱ አሰርኩበት። ውስጡን ሶፍት አለበስኩት። መልኩ ያሳፍራል። ውጤቱ ግን ቀለበቱን ከገዛሁበት ቀን ይበልጥ ያስደሰተኝ ነው። የጥንዚዛ ጀርባ እንደ መስታወት ስለሚያብረቀርቅ ራቁት ፍላሽ ነጭ ነጥብ ብቻ ይተውበታል። በፕላስቲኩ ካለፈ በኋላ ቀለሙ ይወጣል። የሹተሩን ፍጥነት 1/200 ሰከንድ ላይ አድርጌ ፎከሱን በእጅ እይዛለሁ። አውቶ ፎከስ እዚህ ቅርበት ላይ ወዲያ ወዲህ ከማለት በቀር ፋይዳ የለውም። ሌንሱ ላይ ያለውን የፎከስ ማዞሪያ ሳልነካ ራሴን በትንሹ ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዝኩ ዓይኗ ጥርት ስትል እጫናለሁ። አብዛኛው ይበላሻል። ይሄ የጨዋታው ሕግ ነው።

ሌላው ዋጋ ርቀት ነው። ከሌንሱ ጫፍ እስከ ነፍሳቷ ግማሽ ስንዝር እንኳ የለም። ቢራቢሮ ይህን አትታገስም። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ነፍሳት ሙቀታቸውን ከአካባቢያቸው ስለሚያገኙ ፀሐይ እስክትነካቸው ደንዝዘው ቅጠል ላይ ይቀመጣሉ። አራት ሰዓት ካለፈ ግን ድካም ብቻ ነው።

ቦታ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። መስከረም ላይ ባዶ መሬት በተገኘበት ሁሉ አደይ አበባና ንብ አለ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያስተከላቸው አበቦችም በቂ ናቸው። እዚያ ንብ ነው ብዬ ያነሳሁት ብዙው፣ ሲጎላ ዝንብ ሆኖ ይገኛል። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ዝንብ ሁለት ብቻ። በባዶ ዓይን ማን ይቆጥራል? ለጀማሪ ግን ከሁሉም የምመክረው ጽጌረዳ እንቡጥ ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ፣ የተክል ጭማቂ የሚመጠውን ጥቃቅን ነፍሳት፣ ነው። አይሸሽም። ጉንዳኖችም ከአጠገቡ አይጠፉም፤ በቀንዳቸው እየነካኩት ከእሱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይጠጡታል። የካቲት ላይ ነፋሱ ሲያስቸግር ግንዱን በግራ እጅ ይዞ ሌንሱን እዚያው እጅ ላይ ማሳረፍ ነው። አበባውና ካሜራው አብረው ይወዛወዛሉ፤ ፎከሱ አይሸሽም።

መሀል ከተማ ትልቅ ካሜራ ማውጣት ጥበቃ እንደሚያስጠራ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን አንድ አጥር አጠገብ ተንበርክኬ ሳለ፣ «ወንድሜ፣ ምንድን ነው የምታነሳው?» የሚል ድምፅ ከላዬ መጣ።

«ጉንዳን ነው ጋሼ።»

አላመኑኝም። ስክሪኑን አሳየኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩትና፣ «ጥርስ አለው እንዴ ይሄ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ስክሪኑን ነው የማሳየው።

ስለ ጥንካሬው እንነጋገር። የቀለበቶቹ መያዣ ፕላስቲክ ነው፤ መጋቢት አካባቢ 36ቱ ላላ ማለት ጀመረ። ሌንሱ ትንሽ ይነቃነቃል። አንዳንዴ ካሜራው ኤረር 01 ይላል፤ ከሌንሱ ጋር አልተገናኘሁም ማለቱ ነው። ካሜራውና ሌንሱ በኤሌክትሪክ የሚገናኙባቸውን ወርቃማ ነጥቦች በደረቅ ጨርቅ ስጠርግ ይመለሳል። ሦስቱን ደርቦ ማሰር ይቻላል፣ ግን ሌንሱ ሲንጠለጠል ያስፈራል፤ ትቼዋለሁ። ቀለበቱ ራሱ መስታወት ስለሌለው የሚቧጨር ነገር የለውም። በበጋ አቧራ መንገድ ዳር ስትቀያይሩት ግን ሴንሰሩ ይቆሽሻል፤ ቤት አስራችሁ ውጡ። ደግሞም ታስሮ እያለ ሩቅ ነገር ማንሳት አይቻልም። ማክሮ ሌንስ ከዝንብ ዓይን እስከ እንጦጦ ተራራ ያነሳል፤ ይሄ አያነሳም።

ሌንሱን ገልብጦ ማሰሪያውን ቀለበትም ሞክሬያለሁ። የበለጠ ያጎላል፤ አፐርቸሩን ግን ከካሜራው ማዘዝ አይቻልም፣ የሌንሱም የኋላ መስታወት ለአቧራ ይጋለጣል። ከፊት የሚጠለቁት ርካሽ የማጉያ ፊልተሮች ዳር ዳሩን ያደበዝዛሉ። በወር አንዴ ለመዝናናት ከሆነ እነሱም ይበቃሉ።

ከገዛችሁ የኤሌክትሪክ ነጥብ ያለውን ግዙ። የሌለው በጣም ይረክሳል፤ ግን ካኖን ሌንስ ላይ አፐርቸሩ ተከፍቶ ይቀራል። ሱቁ ውስጥ እንዳላችሁ ሌንሱን እሰሩበት፣ አፐርቸሩን ኤፍ 11፣ ሹተሩን አንድ ሰከንድ አድርጉ፣ ከፊት በኩል ሌንሱን እያያችሁ ተጫኑ። ቀዳዳው ሲጠብ ካላያችሁ ዕቃውን መልሱለት።