ለእሳት ሸክላ፣ ለገበታ ሴራሚክ

ድስት ሊገዙ ወጥተዋል እንበል። አንድ ወገን የአዲስ አበባዎቹ የቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪዎች ጥቁር ድስት አለ። ሌላው ወገን ከውጭ የመጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስቶንዌር የሚባለው ሴራሚክ። ዓይን ወደሚያብረቀርቀው መሳቡ አይቀርም። ግን ሁለቱም አፈር ናቸው፤ የሚለያያቸው የበሉት እሳት ነው። ስለዚህ ከመልኩ በፊት ዕቃውን ምን ላይ እንደሚጥዱት ያስቡ።

ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ይወጣና ጭቃው ይሰበሰባል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያንሳል። የደረቀው ጭቃ ውሃ ውስጥ ቢገባ ግን ተመልሶ ይሟሟል። ሲተኮስና ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ከአፈሩ ጋር የተሳሰረው ውሃ ሳይቀር ይለቃል። ከዚያ በኋላ ጭቃ መሆን የለም።

ባህላዊው ሸክላ ሜዳ ላይ በማገዶና በኩበት ይተኮሳል። እንዲህ ያለው እሳት በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። አፈሩ ይጠነክራል እንጂ አይቀልጥም፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹም ክፍት ይቀራሉ። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በእነሱ ነው። ድስት ጉልቻ ላይ ሲጣድም ታቹ ቀድሞ ይግላል፣ አፉ ይዘገያል፤ ቀዳዳዎቹ የተጀመረ ስንጥቅ እንዳይሮጥ ይገቱታል። ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ደግሞ ተጋቢኖ ሽሮ ከእሳት ወርዶም እየተንተከተከ ይቀርባል። እኔ ለወጥ ከሸክላ ሌላ አልመርጥም።

ስቶንዌር ግን ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ይተኮሳል። ውስጡ በከፊል ቀልጦ ይያያዛል፣ ላዩም የብርጭቆ ልባስ አለው። ውሃ አይመጥም፣ ሽታ አይዝም፣ ለማጠብ ቀላል ነው። ለገበታ፣ ለእርጎ፣ ለተረፈ ምግብ እሱ ይሻላል። ኦቨን ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ብዙውን ጊዜ ይችላል። ቀጥታ ነበልባል ላይ ከተጣደ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ልባሱ ደማቅ ሆኖ ምንጩ ካልታወቀ ጎምዛዛ ነገር አያስቀምጡበት፤ እርሳስ ሊኖረው ይችላል።

ሸክላ ጣጣ አለው። መሟሸት ይፈልጋል፣ ሳሙና ይመጥጣል፣ ትኩስ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ አይወድም። ይህን ካልቻሉ ሴራሚኩን ይውሰዱ።

ሸክላውን ከመረጡ በጣት አንጓ ቆርቆር ያድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ በስሏል። ድምፁ ከታፈነ ወይ ጥሬ ነው፣ ወይ ተሰንጥቋል። ጀበና ከሆነ እጀታው ከሆዱ የሚጋጠምበትን ቦታ ወደ ብርሃን አዙረው ይዩ። እጀታው ቀጭን ስለሆነ ከሆዱ ቀድሞ ይደርቃል፤ ሲሰበሰብ መጋጠሚያውን ይጎትተዋል፣ ፀጉር የመሰለችው ስንጥቅም እዚያው ትጀምራለች። ሻጩ ከፈቀደልዎት ውሃ ይሙሉት። ላዩ ላይ ላብ ላብ ማለቱ ያለ ነው፤ ሲሟሽ ይቀንሳል። በአንድ መስመር ከተንጠባጠበ ግን ሌላ ይለውጡልኝ ይበሉ።