የወረቀት ጥሪ ወይስ የቴሌግራም? ደሴ ላይ ለሚደገስ ሰርግ

ጥር ሲቃረብ የጥሪ ካርድ ጭንቀት ይጀምራል። ለቤተ ዘመድና ለጎረቤት እኔ ወረቀቱን እመርጣለሁ። ካርድ ይዞ ቤት ድረስ መሄድ ራሱ አክብሮት ነው። ደሴ ውስጥ ደግሞ ቡና ሳይጠጡ መውጣት የለም።

ለወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ይሻላል፤ በእጅ ሲይዙት ይከብዳል፣ ቶሎ አይታጠፍም። ዳር ዳሩን የሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት ቢደገምበት በጣም ያምራል። ለተክሊል ከብራና መጻሕፍት የምናውቀው የሐረግ ጌጥ፣ ለኒካህ የመስጊድ ቅስት ጥሩ መነሻ ነው። ወርቃማው ፎይል (የሚያብረቀርቀው ስስ ልባጥ) ለስሞቹ ብቻ ይሁን። እንደ «ጬ» ያለ ፊደል በቀጭኑ ከተጻፈ ሲታተም ሊደፈን ስለሚችል ጎላ ያለ ፊደል ምረጡ። ደግሞም ወሎ ነንና፣ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ማዕድ ለየብቻ መሰናዳቱን በአንዲት መስመር ጻፉ። እንግዳው ልቡ ተረጋግቶ ይመጣል።

ቴሌግራሙ ርካሽና ፈጣን ነው። አዳራሽ ቢቀየር ወዲያው ይታረማል፤ ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው የካርታ ሊንክ ይያያዝበታል። በ1080 በ1920 ፒክስል ካሠራችሁት ብዙ ስልክ ላይ አብዛኛውን ስክሪን ይሞላል። እንደ ፎቶ ስትልኩት ጥራቱ ስለሚቀንስ በፋይል ላኩት። ውጭ አገር ላሉት የፈረንጁንም ቀን ጨምሩ። «6 ሰዓት» ብቻ ካላችሁ ማታ የሚመስለው አለ፤ «ከቀኑ 6 ሰዓት» በሉ።